ራስህን ሳይሆን ድምፁን ፈልግ

ልጄ፣ «የራሴን ድምፅ እየፈለግሁ ነው፤ ግን እስካሁን ማን እንደሆንሁ አላውቅም» ብለህ ጽፈህልኛል። ላሊበላ ከተማ በተከራየሃት ክፍል ውስጥ ኮምፒውተርህን፣ ማይክሮፎንህንና የአያትህን ማሲንቆ ይዘህ ሌሊቱ እየነጋብህ እንደምትሠራ አውቃለሁ። የላክህልኝንም ሰምቻለሁ። ጆሮ አለህ፤ ፍላጎትም አለህ። የጎደለህ ጥንቃቄ ነው። እኔ ልጅነቴን በቄስ ትምህርት ቤት፣ ጉልምስናዬን ሙዚቃ በማስተማር ያሳለፍሁ ሰው ነኝ፤ ብዙ ተማሪ ሲነሣም ሲወድቅም አይቻለሁ። ስለዚህ ያለኝን በቁጥር ከፋፍዬ ጽፌልሃለሁ። ተራ በተራ አንብበው እንጂ እየዘለልህ አታንብብ፤ መዝለል ልማድህ እንደሆነ ከሥራህ ሰምቻለሁና።

1. ራስህን ፍለጋ አትውጣ፤ አንዲት የድምፅ ጥያቄ ይዘህ ውጣ። «ማን ነኝ?» ብሎ መሣሪያ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ቀን ሲተክዝ ይሰነብትና በመጨረሻ የሌላ ሰው ሥራ ይገለብጣል። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ እጅ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ጌታቸው መኩሪያን ተመልከት። የይፋት ልጅ ነው፤ በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ ሳክስፎን ሲነፋ የኖረ። የያዛት ጥያቄ አጭር ነበረች፦ ሽለላና ፉከራን ከጀግናው አፍ ወስዶ በሳክስፎን ማውጣት ይቻላል ወይ? ሸላዩ ትንፋሹን የት እንደሚይዝ፣ ቃሉን የት እንደሚቆርጥ፣ ድምፁን መጨረሻ ላይ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ በነሐስ ለማውጣት ታገለ። ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፤ አሜሪካኖች ፍሪ ጃዝ ያሉት ነገር ገና ስም ሳይወጣለት። ከብዙ ዓመት በኋላ ዘ ኤክስ የተባለው የኔዘርላንድ ባንድ ፈልጎ አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2006ም «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። ሰውየው ሽለላን ሲያሳድድ ነው ጌታቸው የሆነው። አንተም ነገ ጠዋት ወረቀት ላይ አንዲት ጥያቄ ጻፍ፤ «የእናቴን የወፍጮ ላይ እንጉርጉሮ ያለ ቃል ማሰማት እችላለሁ ወይ?» የምትል ዓይነት። ከዚያች ጥያቄ ውጭ ያለውን ሁሉ ለጊዜው ተወው።

2. ከመቅዳትህ በፊት አድምጥ። ስልክህ ሁልጊዜ እጅህ ላይ ነው፤ ትቀዳለህ፣ ትሄዳለህ፣ ቤትህ ገብተህም አትሰማውም። ጆሮ ያልያዘውን ማይክሮፎን አይዝልህም። የገና ጠዋት ቤተ ማርያም ውረድና ስልክህን ኪስህ ከትተህ ቁም። ካህናቱ ለሁለት ተከፍለዋል፤ ግማሾቹ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ከቤተ መቅደሱ ዙሪያ። ላይኞቹ የመላእክት፣ ታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። «ቤዛ ኩሉ» ሲጀመር የላዩ ድምፅ ወደ ግቢው ይወርዳል፣ የታቹ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። አንተ መሐል ቆመህ ከበሮውን ከእግርህ በኩል፣ ጸናጽሉን ከራስህ በላይ ትሰማለህ። ጥቂት እርምጃ ወደ ድንጋዩ ብትጠጋ ከበሮው ይወፍራል፤ ወደ መሐል ብትመለስ ይሳሳል። ውጭ አገር ይህን ለማግኘት በአዳራሹ ላይና ታች ስፒከር እየሰቀሉ ብዙ ገንዘብ የሚያወጡ የሙዚቃ ሰዎች አሉ። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ በነጻ ስትሰማው ኖረህ አንድም ቀን ልብ አላልኸውም። የቅዳሜ ገበያውንም እንዲሁ አድርግ፤ መጀመሪያ የሰማኸውን በቃላት ጻፈው፤ ቅርቡን ከሩቁ፣ ወፍራሙን ከቀጭኑ ለይ። መቅጃውን ይዘህ የምትመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። የምትቀዳው ያንሳል፤ የምትጥለውም ያንሳል።

3. መሣሪያህን በጆሮህ ቃኝ፤ ለኮምፒውተሩ አትተውለት። በላክህልኝ ሁለተኛ ሥራ ላይ ማሲንቆው ከኪቦርዱ ጋር ሲጋጭ ሰምቼ ብጠይቅህ «ፕሮግራሙ አስተካክሎታል» አልኸኝ። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ኪቦርዱ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ቦታ ከፍሎ ያስቀምጠዋል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን በእነዚያ ቦታዎች ላይ ብቻ አያርፍም፤ አንዷን ድምፅ በጥቂቱ ዝቅ፣ ሌላዋን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ የሚነካት ጣዕሟ እዚያ ስላለ ነው። ፕሮግራምህ «ስሕተት» ብሎ ያረመው ያን ጣዕም ነው።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ከምንላቸው አራት ቅኝቶች ሁለቱ የወሎን ምድር ስም የያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ቸልተኝነት ላንተ ከሌላው ይልቅ ነውር ነው። አምባሰልን «ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል» ብለህ በኪቦርድ መደርደር ትችላለህ። ማሪቱ ለገሰ ስታዜመው ግን ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የምትሄድበትን መንገድ በአምስት ቁልፍ አታገኘውም። ሙላቱ አስታጥቄም የተጋፈጠው የዚህን ዘመድ ነው። ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቦስተን በርክሊ ተምሮ ኒውዮርክ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል»ን፣ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን አወጣ። ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ከባለ 12 ድምፁ ኮርድ ጋር ስታገናኘው ኮርዱ ቅኝቱን ሊውጠው ይችላል። ኢትዮ ጃዝ የምንለው ሥራ ግማሹ ጥበብ ቅኝቱ እንዳይዋጥ መጠበቅ ነው። አንተ ዘንድ መፍትሔው ቅርብ ነው፤ ፕሮግራምህ አንዱን ግማሽ ድምፅ በ100 ሴንት ከፍሎ ዝቅ ከፍ የማድረጊያ ቦታ አለው። ማሲንቆውን ወደ ኪቦርዱ አታምጣ፤ ኪቦርዱን ወደ ማሲንቆው ውሰድ። በክረምት ደግሞ ጉም ሲወርድ የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ይላላል። አዝማሪ እሳት ዳር አስጠግቶ ሳያሞቀው አይጀምርም፤ አንተም ሳታሞቀው አትቅዳ።

4. አንድ ሐሳብ ያዝና እስከ ጥጉ ሂድ። በሥራህ ውስጥ በአራት ደቂቃ ዋሽንት ገባ፣ ወጣ፤ ዝናብ ዘነበ፣ አባራ፤ ከበሮ መጣ፣ ጠፋ። አድማጭህ አንዱንም ሳይተዋወቀው ተሰናበተው። ብዙ ነገር ማግባት ድፍረት ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ፍርሃት ነው፤ «አንዱ ቢሰለቻቸውስ» የሚል ፍርሃት። የያሬድን ልጆች እይ። በአቋቋም አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ይነሣል፣ ሰውነት ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ከዚያ መረግድ ነው፤ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፣ እግር ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ ጽፋት፤ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይደምቃል። ዜማው ያው ነው። የተለወጠው ፍጥነቱ፣ ክብደቱና የሰው አካል አያያዙ ነው። በዚህ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ተቁሞ ይታደራል። እኔ ለተማሪዎቼ ሳስተምር የነበረው ይህንኑ ነው፤ አዲስ ድምፅ ከመጨመርህ በፊት ያለህን ድምፅ አራት ዓይነት ሕይወት ስጠው። አራተኛው ላይ ሳትደርስ አምስተኛ መሣሪያ አትክፈት።

5. እንከን የመሰለህን ለመጥረግ አትቸኩል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በገናን ቀረብ ብለህ አይተህ ታውቃለህ? አሥር አውታር አለው፤ ከበግ አንጀት የተገመደ። ያ ሆድ ውስጥ የሚገባ ንዝረቱ የሚመጣው በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዝራ የሚባሉ ቁራጭ ቆዳዎች ስለሚገቡ ነው። ደርዳሪው ቆዳዋን በጣቱ በጥቂቱ ወደዚህ ይገፋታል፣ በጥቂቱ ወደዚያ ይመልሳታል፤ ንዝረቱ እስኪጠራ ድረስ አይደረድርም። እንዝራውን አውጥተህ ብትጥለው ድምፁ ንጹሕ ይሆናል፤ በገናነቱ ግን ይቀራል። አባቶቻችን ንዝረቱን አስበው፣ ለክተው ነው ያስገቡት። አንተ ግን የማሲንቆው ደጋን ፀጉሩ ላይ ሲፈተግ የሚሰማውን ጭረት፣ የዘፋኙን ትንፋሽ፣ የእንጨቱን ሲጥታ ሁሉ በድምፅ ማጽጃው ጠርገህ አወጣኸው፤ የቀረልህ ከየትም የመጣ ሊሆን የሚችል ድምፅ ነው። ከመጥረግህ በፊት ሦስቴ ስማው። ይህን ስልህ ግን ለስንፍናህ መሸሸጊያ እንዳታደርገው፤ የኮምፒውተርህ ቻርጀር የሚያሰማው ጩኸት እንዝራ አይደለም። እሱን ንቀለው።

6. «ከእኔ በፊት የሞከረው የለም» አትበል። ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል ግብፃዊ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ የሚቀዳ ማሽን ይዞ የዛር ሥርዓት ላይ የሴቶችን ዜማ ቀዳ። ከዚያ የቀዳውን ድምፅ መሠረቱን እየቀነሰ፣ ማሚቶውን እየጨመረ፣ ቃሉ እስኪጠፋና ጥላው ብቻ እስኪቀር ድረስ ሠራበት። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ፓሪስ ላይ በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ ሠርቶ ስሙ ከመነሣቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ዛር ምን እንደሆነ ለወሎ ልጅ አላስረዳም። ይኸው ሰው በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። በየራሳቸው መንደር የኖሩትን ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና በአንድ መድረክ አስቀመጣቸው፤ ከእሱ በኋላም ተስፋዬ ለማ ቡድኑን ይዞ ዘለቀ። ወደ አንተ ዘመን ስንመጣ ሚካኤል ሰይፉ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 «ዘላለም»ን አውጥቷል። እንደገና ሙሉ የተባለም ሰው አለ፤ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም ይሠራል። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ይዞ ሲመጣ የአገር ቤት ድምፅና ኤሌክትሮኒክ ምት ሰፊ ሕዝብ ዘንድ አብረው ደረሱ። እነዚህን ሁሉ ስማ። መጀመሪያ ለመሆን የምታባክነውን ጉልበት ያድንልሃል፤ እነሱ ያቆሙበትን ቦታ ካወቅህ ደግሞ የምትጀምርበትን ታውቃለህ።

7. የወሰድኸውን ከማን እንደወሰድኸው ጻፍ። ፋይሎችህን ስታሳየኝ አንዱ ላይ «ማሲንቆ 3» የሚል አነበብሁ። ማሲንቆ 3 እናት ያወጣችለት ስም አለው፤ ልጆች አሉት፤ ያችን ዜማ ለመያዝ ዕድሜውን ከፍሏል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ስሙን ሳትጽፍ ስትቀር አጥሩን ነቀነቅህ ማለት ነው። ላሊበሎች የሚባሉትን የደጅ ዘማሪዎችንም አስብ። ጎሕ ሳይቀድ ደጅ ላይ ቆመው፣ የቤቱን ሰዎች ስም ቀድመው ጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ ያገኙትን ተቀብለው መርቀው ይሄዳሉ። ሰው በሽታን ከዘራቸው ጋር አያይዞ ሲያማቸው ኖሯል። አንተ ደግሞ ከመስኮት ቀድተሃቸው ድምፃቸውን ሳያውቁት ለዓለም ብትለቀው ሐሜቱ ላይ ሌብነት መጨመርህ ነው። ሕጉም ዝም አላለም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዘፋኙና ለተጫዋቹ በተቀዳው ሥራቸው ላይ መብት ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ልማድህ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ጠይቅ፤ ለምን እንደምትቀዳ በግልጽ ንገር፤ ከመቅዳትህ በፊት ክፈል፤ ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፍ፤ ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ለእሱ አሰማ። ይህን የሚያደርግ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ የተሻለው ዜማ ይወጣለታል። የመጀመሪያ ቀን ለእንግዳ የሚሰጠው ሁልጊዜ የተለመደው ነው።

8. የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ቆራርጠህ አታምጣ። የማኅሌቱን ዜማ ከሥር ወፍራም ባስ አድርገህበት ያሰማኸኝን ሥራ እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም። ያ ጸሎት ነው፤ ባለቤቱም ለዘመናት ሲጸልይበት የኖረ ሕዝብ ነው። ይህ ባይገድህ እንኳ በሙዚቃው በኩል አስበው፤ አራት ሰኮንድ ቆርጠህ ስትደጋግመው ዜማው የሚሄድበትን ትንፋሽ አሳጣኸው፤ የቀረህ ጌጥ ነው። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ያደረጉትን ተመልከት። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፣ ካይሮም ሄደው ተምረዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ወደዚሁ ወደ እኛ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ወዳለችው ግሸን ማርያም ወጡና መነኰሱ፤ ለ10 ዓመት ያህል በዚያ ተራራ በባዶ እግራቸው ኖሩ። በኋላም ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ተማሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ሲታተም ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲሆን ነበር ሐሳባቸው። ኢየሩሳሌም ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ፒያኖ አልተለያቸውም። ፒያኗቸው ላይ የተቆረጠ ማኅሌት አታገኝም፤ ግን ጣታቸው የሚያዘግምበት፣ የሚያርፍበት፣ አንዷን ድምፅ አሽቶ የሚያልፍበት መንገድ ዜማ ውስጥ የኖረ ሰው መንገድ ነው። ልትወስድ ከፈለግህ እንደ እሳቸው ውሰድ፤ ሄደህ ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀመጥ፣ ግእዝን፣ ዕዝልን፣ አራራይን ለይ። ከዚያ ሳትቆርጥ በእጅህ ይወጣል።

9. ላስታን ለእንግዳ ዓይን ብለህ አታስጊጣት። የአልበምህ ሽፋን ላይ ቤተ ጊዮርጊስን፣ መክፈቻው ላይ የደወል ድምፅ፣ ርእሱ ላይ የንጉሡን ስም አድርገሃል። ሥዕሉን ብናነሣው ሥራው የላስታ መሆኑን ምኑ ይነግረናል? ከተማችን ጎብኚ ስለለመደች ራሳችንን በጎብኚ ዓይን ማየት ይቀናናል። ፈረንጅ የሚጠብቀውን ሰጥተህ ስትመሰገን ማንነትህን ያገኘህ ይመስልሃል፤ ያገኘኸው ግን እሱ ይዞት የመጣውን ነው። የአገርህ ጠባይ ከሥዕል ይልቅ በአሠራር ይታያል። ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ አንድ እረኛ ከገደል ማዶ ላለው ጓደኛው ሲጣራ ሰምተህ ታውቃለህ፤ የመጨረሻውን ቃል ይስበዋል፣ ዝም ይላል፣ ድምፁ ማዶ ደርሶ መልስ እስኪመለስ ይጠብቃል። ያ ዝምታ ርዝመቱን ያገኘው ከገደሉ ስፋት ነው። አንተ በሥራህ ውስጥ ዝምታህን በኮምፒውተሩ ፍርግርግ ለካኸው። አንድ ሥራ በእረኛው ዝምታ ለክተህ ሥራ። በነሐሴ አጋማሽ የአሸንድዬ ልጃገረዶች ሲዞሩ አውጪዋና ተቀባዮቹ እንዴት አንዱ የሌላውን መጨረሻ ሳያስጨርስ እንደሚነሣ አስተውል፤ ያንንም ለድምፆችህ መግቢያ ሕግ አድርገው። የደወል ድምፅ ሳትጨምር የአገር ሰው ይለይሃል።

10. እንጀራህን ከሙዚቃህ አትጠብቅ፤ ለእንጀራ ብለህም ሙዚቃህን አትተው። እንዲህ ያለ ሥራ አድማጩ ጥቂት ነው፤ ገንዘቡም እንዲሁ። «ጥበብ ካላበላችኝ» ብለህ ብታኮርፍባት አንተው ትጎዳለህ። ኃይሉ መርጊያ አዲስ አበባ ላይ በዋልያስ ባንድ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ ሲሄድ እሱ እዚያው ቀረ። በ1985 ለብቻው ሆኖ የልጅነት መሣሪያውን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አገናኝቶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። ከዚያ ረጅም ዘመን ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። አውሮፕላን ጣቢያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ በባትሪ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ ታትሞ ዓለም ሲጠራው እጁ ዝገት አልያዘውም፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን ጨመረ። ልብ በል፣ ይጠሩኛል ብሎ አይደለም የተለማመደው፤ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ታክሲው ቤተሰቡን አበላ፣ ሙዚቃውም ማንንም ማስደሰት ሳይኖርበት ነጻ ሆኖ ቆየ። አንተም የእንግዳ ማረፊያው ሥራህን አትናቅ። ቀኑን ለእንጀራው፣ የማይነካ አንድ ሰዓት ለድምፁ ስጥ። ሰዓቷ ትንሽ ብትሆንም በየቀኑ ትሁን።

11. ጨርስ፤ ጨርሰህም በጥንቃቄ አስቀምጥ። ኮምፒውተርህ ውስጥ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ መጨረሻ»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች አይቻለሁ፤ አንዱም የመጨረሻ አልነበረም። ያልተጨረሰ ሥራ አያስተምርም፤ የት እንዳጠፋህ የሚታይህ ጨርሰህ ዞር ስትል ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ርዝመቱንና የምትጨርስበትን ቀን ከመጀመርህ በፊት ወስን። ቀኑ ሲደርስ ባትወደውም ዝጋው፤ ርእስ ስጠው፣ ዓመተ ምሕረት ጻፍበት፣ ወደሚቀጥለው እለፍ። መብራት በላስታ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራህን ሁለት ቦታ አስቀምጥ፤ አንዱ ከቤትህ ውጭ ይሁን። መብራት በጠፋበት ምሽትም አታማርር፤ ማሲንቆው መብራት አይፈልግም። የተደረደሩ የተጨረሱ ሥራዎች ሲኖሩህ እንጂ በአንድ ሥራ ላይ ስትጨነቅ ጠባይህ አይታይህም። በሁሉም ውስጥ ሳታስበው የደጋገምኸው ነገር አለ፤ የምታዘገይበት ቦታ፣ የማትተዋት ድምፅ፣ የምትፈራው ዝምታ። ስትፈልገው የነበረው እሱ ነው፤ አንዱን ሥራ ብቻ ይዘህ ግን አታየውም።

12. ለብዙ ሰው ከማሰማትህ በፊት እውነት ለሚነግሩህ ሁለት ሰዎች አሰማ። አንዱ መሣሪያውን የሚያውቅ ይሁን፤ ቅኝትህ የት እንደወደቀ ይነግርሃል። ሌላው ስለ ሙዚቃ ምንም የማያውቅ ግን የማይዋሽህ ይሁን፤ የት እንደሰለቸው ይነግርሃል። ስታሰማቸው አታስረዳ። «እዚህ ላይ ያደረግሁት ምንድን ነው መሰላችሁ…» ብለህ ከጀመርህ ሥራው ራሱ አልተናገረም ማለት ነው። ዩቲዩብ ላይ ስንት ሰው እንዳየው መቁጠርም ይቅርብህ፤ ቁጥሩ ስንት ሰው እንዳለፈ እንጂ ስንት ሰው እንደሰማ አይነግርህም። «ማን ነኝ?» ብለህም አትጠይቃቸው። ሥራህ ሲበረክት አንድ ቀን ሌላ ሰው ዘፈን ሰምቶ «ይህማ የእሱን ይመስላል» ይላል፤ ያን ጊዜ መልሱን ከአፉ ትሰማለህ፤ አንተም ያን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ይዘህ ሥራ ላይ መሆን አለብህ።

በል እንግዲህ ልጄ፣ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ተመስጠህ አትቀመጥ። ያን ሁለተኛውን ሥራ ክፈት፤ ማሲንቆውን ወደ ነበረበት ቅኝት መልሰው፤ «ማሲንቆ 3» የሚለውን ሰርዘህ የሰውየውን ሙሉ ስም ጻፍ፤ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ፈልገህ ያላስፈቀድኸውን አስፈቅድ፣ ያልከፈልኸውን ክፈል። ሌላው በየተራው ይደርሳል። እግዚአብሔር እጅህንም ጆሮህንም ይባርክልህ።